የጥፍር ያህል የላላው ገመድ

ይሄይስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተበላሸ ነገር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በሰሜን እስራኤል በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲቆም የሚጠራው እሱ ነው። በሰፈሩም የማን ማጠቢያ ማሽን አጉረመረመ፣ የየትኛው ደረጃ መብራት ጠፋ ቢባል የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። በገዛ እጁ ደህናውን ዕቃ አበላሽቶ ግን አያውቅም። ያን ዓርብ፣ ዲሴምበር 2015 መሆኑ ነው፣ አፉላ ኢሊት በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኮ፣ ከላፕቶፑ የሚመጣውን ገመድ የጥፍር ያህል ሳብ አድርጎ አላላው። ሁለቴ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሌባ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን የሚያዝ ዓይነት ሌባ ይወጣው ነበር።

ለምን እንዳደረገው ልንገራችሁ።

ይሄይስ ከሚስቱ ከየምስራችና ከሚስቱ እናት ከእማማ አመለወርቅ ጋር ይኖራል። እማማ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። ዓይናቸው ከድቷቸዋል፤ መሐሉን አጨልሞ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያሳያቸው። ጆሯቸው ግን ጉድ ነው፤ ሳሎን ተቀምጠው ደረጃ ላይ ያለውን ሰው በኮቴው ይለዩታል። ከወንበራቸው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ ላይዋ ላይ የዓይን ጠብታቸው፣ የውኃ ብርጭቆና ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ ስልክ ይቀመጣል። ዓርብ ዓርብ ከቀትር ጀምሮ ዘመድ ሁሉ ሻባት ሻሎም፣ የሰላም ሰንበት፣ እያለ ሲደውልላቸው ጆሯቸው እስኪግል ድረስ ይመርቃሉ። ደከመኝ ይላሉ እንጂ አንዱንም ሳይመርቁ አይዘጉም።

ከእናታቸው ልጆች የቀሩላቸው ወንድም አንድ ነበሩ፤ አያ እንግዳ። እማማ አዝለው ያሳደጓቸው ታናሻቸው ናቸው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ እማማ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲወጡ ወንድማቸው «እህሉን ሰብስቤ እከተላለሁ» ብለው ቀሩ። እህሉ ተሰበሰበ፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። ቆይተው ጎንደር ከተማ ገቡና ወደዚህ የሚመጡበትን ተራ ሲጠብቁ አረጁ።

እህትና ወንድም ዳግም የተያዩት ከሦስት ዓመት በፊት በስካይፕ ነው። አያ እንግዳ ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ ቢጮኹባቸው አይሰሙም፤ እማማ ደግሞ በትንሽ ስክሪን አያዩም። ስለዚህ ትልቅ ቴሌቪዥን አስፈለገ። አያ እንግዳ የእህታቸውን አፍና እጅ እያዩ፣ እማማ የወንድማቸውን ፊት ዳር ዳሩን እየለቀሙ ይጫወታሉ። ላፕቶፑማ ከጠረጴዛ ወድቆ የራሱ ስክሪን ከጠቆረ ሁለት ዓመቱ ነው። ሆዱ ጤነኛ ስለሆነ ይሄይስ ሊጥለው አልሆነለትም፤ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ካላሳየለት ላፕቶፑ ዕውር ነው፤ የቱ ተነክቶ ለማን እንደሚደወል አይታወቅም።

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት አያ እንግዳ ጎንደር ካለ አንድ የኢንተርኔት ቤት ገብተው ይጠብቃሉ። «በላህ?» ይላሉ እማማ መጀመሪያ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው እያሳዩ። «በላሁ» ይላሉ አያ እንግዳ። «ሳልህስ?» «ተሻለኝ።» ከዚህ የሚያልፍ ብዙ ቁም ነገር የላቸውም። ሃያ ደቂቃ ይበቃቸዋል። እማማ ግን ያን ሳያዩ ሰንበት ሰንበት አትመስላቸውም።

አያ እንግዳ ሐሙስ ሌሊት ዐረፉ።

ለይሄይስ የነገረው ጎንደር ያለው የአያ እንግዳ ልጅ፣ አገኘሁ የሚባለው፣ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ይሄይስ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሥር ተኝቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከማሽኑ ሥር ወጥቶ ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ ዘይት በነካው እጁ ፊቱን ያዘ።

መርዶ በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ በዘፈቀደ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ሰንበት ዓርብ ማታ ትገባለች፤ በሰንበት አይለቀስም፤ ዓርብ የተረዳ ሰው እንባውን እንደያዘ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ታፍኖ ይውላል። ይህን በአንዲት አሮጊት ላይ ማድረግ ግፍ ነው፤ እኔም ብሆን አላደርገውም።

ስለዚህ ኔታንያ ከተማ ያለው ፈንቴ፣ የእማማ የሟች እህታቸው ልጅና የዘመዱ ሁሉ ታላቅ፣ በስልክ ቆርጦ ተናገረ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም አፉላ እንገባለን፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል። ትእዛዙ ዘመድ ወዳለባቸው ከተሞች፣ ወደ ሬሆቮትም ወደ ኪርያት ማላኪም ተላለፈ። «የአንተ ድርሻ ቴሌቪዥኑ ነው» አለው ለይሄይስ። «ዛሬ አይሥራ።»

የምስራች ለአጎቷ ያለቀሰችው ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ዕቃ ክፍል ገብታ ነው። «ፊቴን በእጇ ዳስሳ ታውቅብኛለች፤ የሰንበት ሻማ ሊበራ ሲል ነው የምመጣው» አለችው ለባሏ። ይሄይስ ብቻውን ቀረ።

እሱ ሲጠግን በአንድ ብልሃት ብቻ የሚተማመን ሰው አይደለም፤ ሲያበላሽም እንዲሁ ሆነ። ሦስት ቦታ አበላሸ። ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አላላ። ቴሌቪዥኑን ምንም ወዳልተሰካበት መግቢያ አዞረው። ላፕቶፑን ደግሞ ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥኑ መላኩን ትቶ ለራሱ ለሞተው ስክሪን ብቻ እንዲያሳይ አዘዘው። ይህን ሁሉ የሚፈታ ሰው አፉላ ውስጥ የለም ብሎ ልቡን አሳረፈ። አንድ ሰው ግን ረስቶ ነበር።

«ሺሬል መጣች» አሉ እማማ፣ ኮቴዋን ከሁለተኛ ፎቅ ላይ ለይተው።

ይሄይስ ክው አለ። ሺሬል ልጁ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፤ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የኮምፒውተርና የመገናኛ ወታደር ናት። በዚህ ሳምንት አትወጣም ተብሎ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ለቀቋትና ከማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ በዝናብ ሽቅብ መጣች። የተዘጋ ስልኳን በሩ አጠገብ ኤሌክትሪክ ላይ ሰካች፤ ቦርሳዋን ጣለች፤ ሄዳ አያቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ሳፍታ፣ ዛሬ ከዶድ እንግዳ ጋር አልተያያችሁም?» አለች። ሳፍታ አያት ነው፣ ዶድ አጎት።

«አባትሽ አቅቶታል» አሉ እማማ። «እዪው፣ ጨልሟል።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም አልገባልኝም የሚል የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል። ሺሬል እሱን አየችና አባቷን አየችው።

«አባ፣ አንተ? ያቃተህ?»

«ልጄ፣ መንገድ ደክሞሻል፣ ተኚ። ነገሩ የሚሆን አይደለም፤ የውስጡ ዕቃ ሳይሞት አይቀርም።»

«ሬጋ፣ ሬጋ» አለች እጅጌዋን ሰብስባ። ቆይ ማለቷ ነው።

ይሄይስ ጎተት አድርጎ ወደ ኩሽና ሊወስዳት ፈለገ፤ እማማ ግን የልጅቷን እጅ ይዘዋል። በዕብራይስጥ ሹክ እንዳይላት፣ እማማ ዕብራይስጥ አይሰሙም ብለው በፊታቸው ያወሩ ስንት ሰዎች እንዳፈሩ ያውቃል። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ «ተይው፣ እንዳትነኪው» ብሎ ጻፈላት። መልእክቱ ሄደ፤ የእሷ ስልክ ግን በሩ አጠገብ ገና ነፍስ እየዘራ ነበር።

ሺሬል ሪሞቱን አነሣች። «መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ የት እንደሚያይ ነው» አለች ለአያቷ እያስረዳች። «ሦስት በር አለው። ገመዱ አንደኛው በር ላይ ነው፤ እሱ ግን ሁለተኛው ጋ ቆሞ ይጠብቃል። ማን ይገባለታል?» ወደ አንደኛው መለሰችው። አሁንም ጨለማ ነው።

«ጎበዝ» አሉ እማማ። «ቀጥይ።»

«አሁን ገመዱ።»

«እዚያ አቧራ ነው፣ ልብስሽ ይበላሻል» አለ ይሄይስ መንገዷን ዘግቶ። እሷ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እጇን ሰድዳ ዳበሰች።

«ልቅ ነው! አባ፣ ልቅ ነው እኮ። ይህን እንዴት አላየህም?»

 በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ልጁ ገመዱን ጥብቅ አድርጋ ስትሰካው ሞያዋ ደስ አሰኘው፤ ወዲያው በመደሰቱ አፈረ። ሦስተኛው ተንኮል ቀርቷል፣ እሱን አታገኘውም አለ በልቡ። ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ሻማ የሚበራው አስር ከአስር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሰንበት ኤሌክትሪክ አይነካም። አርባ ደቂቃ ቢያልፍለት ይበቃው ነበር።

ሺሬል ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው። እስኪነሣ ድረስ ቤቱ ዝም አለ፤ ዝናቡ ብቻ መስኮቱን ይመታል። በዚያ ዝምታ መሐል እማማ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛዋ ሰደዱ፤ የስልኩን እጀታ አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ጥቂት አዳመጡና መልሰው አስቀመጡት።

«ለማን ሊደውሉ ነው እማማ?» አለ ይሄይስ ደንግጦ።

«ለማንም።»

ላፕቶፑ እንደተነሣ የሚያሳውቀውን ድምፅ አሰማ፤ ቴሌቪዥኑ ግን አሁንም ጨለማ ነው። ሺሬል ከንፈሯን ነክሳ አሰበች። ከዚያ ሳቀች። «ለራሱ እያሳየ ነው! ለሞተው ስክሪን። አንድ ሰው ቁልፉን ነክቶበታል።» የሞተው ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ምንም ሳታይ፣ ሁለት ቁልፍ አብራ ተጫነች፤ በቀስት ቁልፏ ወደ ታች ቆጠረች፤ «አንድ፣ ሁለት» አለችና አስገቢውን ቁልፍ መታችው።

ቴሌቪዥኑ በራ።

ስካይፑ ራሱ ተከፈተ። በጥጉ ላይ የአያ እንግዳ ስምና ትንሽዬ ፎቶግራፋቸው ታየ፤ አገኘሁ ያነሣቸው ነው፣ ነጭ ቆብ አድርገው ወደ ፀሐይ ዓይናቸውን ጨፍነን አድርገው። ከስማቸው አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርታለች። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት እንደ ዓርብ ልማዱ መስመሩን ከፍቶታል ማለት ነው። ሁልጊዜም ቀድሞ የሚያነሣው እሱ ነው፤ እማማን ሰላም ብሎ ነው ወንበሩን ለአያ እንግዳ የሚለቀው። አፉ አያርፍም። ዛሬ ቢያነሣ ገና እማማን ሲያይ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ከማለት አይመለስም።

«ደውዪለት» አሉ እማማ።

ሺሬል ነካችው። የስካይፑ ጥሪ ሳሎኑን ሞላው፤ አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። ይሄይስ በሦስት እርምጃ በሩ አጠገብ ያለው የመብራት ሳጥን ጋ ደረሰ፤ ክዳኑን ከፍቶ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች መታው።

ቤቱ ድርግም አለ። ቴሌቪዥኑ፣ ኢንተርኔቱ፣ ማሞቂያው፣ ፍሪጁ፣ ለሰንበት ምግብ የሚያሞቀው ፕላታ፣ ሁሉም ባንዴ ዝም አሉ። ከሰንበት በፊት በቀረችው ግማሽ ሰዓት የቤቱን መብራት በገዛ እጁ የሚያጠፋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከይሄይስ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

«ሺሬል፣ ስልክሽን ይዘሽ ነይ፣ ሳጥኑን አብሪልኝ» አለ።

መጣች። በስልኳ መብራት የአባቷን ፊት ስታይ ሳቋ ጠፋ። ስልኳ ላይ ደግሞ መልእክቱ ደርሶ ነበር። ይሄይስ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ በጣም ቀስ ብሎ ነገራት።

«መቼ?»

«ትናንት ሌሊት። ለእሳቸው እሑድ ነው የሚነገራቸው። ዘመድ ሁሉ ይመጣል።»

ሺሬል ግንቡን ተደገፈች። «እኔ ደግሞ እየጠገንኩ… አባ፣ እኔ ደወልኩለት እኮ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ጥሩ አድርገሽ ነው የጠገንሽው» አለ።  ልጁን አቀፋት፤ ከዚያ ማጥፊያውን ወደ ላይ መለሰው።

ፍሪጁ አጉረመረመ፤ የፕላታው ቀይ መብራት በራች። ይሄይስ ፈጥኖ ገመዱን እንደገና አላላው። ሺሬል አያቷ ፊት ቆመች።

«ተቃጠለ ሳፍታ» አለች በቀጭን ድምፅ። «መብራቱ ሲሄድ ተቃጠለ።»

«ሽታ የለውም» አሉ እማማ።

ሺሬል የውኃ ብርጭቋቸውን አንሥታ አቀበለቻቸው።

«ይሁን» አሉ እማማ። «ሂጂ ተጣጠቢ፤ ሰንበት ደርሳለች።»

የምስራች መጣች። ከበሩ ሆና ሰላም አለችና ቀጥታ ኩሽና ገባች፤ ውኃ ከፍታ ረጅም ጊዜ ታጠበች። እማማ የውኃውን ድምፅ እስኪቆም ድረስ አዳመጡ። ከዚያ «ይሄይስ» አሉ፣ «እስቲ ና፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ቴሌቪዥኑ ተበላሸ አላችሁ፤ እሺ። ስልኩስ ምን ሆነ?»

«የቱ ስልክ እማማ?»

«ይሄ ስልክ» አሉ ጠረጴዛዋን መታ አድርገው። «ከቀትር ጀምሮ አንድ ሰው አልደወለም። ፈንቴ አልደወለም። የሬሆቮቶቹ አልደወሉም። ያቺ ከእንቅልፏ ሳትነቃ የምትደውለዋ የኪርያት ማላኪዋ እንኳ አልደወለችም። ተበላሽቶ ይሆን ብዬ አንሥቼ ሰማሁት፤ ደህና ነው።»

ይሄይስ አንገቱን ደፋ። ትንፍሽ እንዳትሉ በተባለ ጊዜ ዘመዱ ሁሉ፣ እያንዳንዱ የገዛ ድምፁን ፈርቶ፣ ማንም ከማንም ሳይማከር ዝም ብሎ ነበር የዋለው። እሱ ከጀርባ ገመድ ሲያላላ፣ ቁልፍ ሲያዛባ፣ ዓርብ ሳይደውሉ የማያልፉት ሁሉ ዝም ሲሉ ምን እንደሚሰማ አላሰበም። ሁሉም ለእማማ አዝነው ነው። ያ ሁሉ ሐዘኔታ ተሰብስቦ ነው የነገራቸው።

«እማማ…» አለ።

እማማ እጃቸውን ወደ አፉ ሰደዱና ከንፈሩን በጣታቸው ያዙት። «አትንገረኝ። ካልነገርኸኝ አልሰማሁም። በሰንበት አታስለቅሰኝ።» እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እሑድ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ጎህ ሲቀድ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«አርባ ይሆናሉ።»

«ወንበር አይበቃም። ሰንበት እንደወጣች ከጎረቤት ተዋስ። የምስራችንም ተዪ በላት፣ ውኃ አትጨርስ፤ ወጥታ ሻማዋን ታዘጋጅ።» ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። «ያን ገመድ ደግሞ አስተካክለህ ሰካው። እሑድ አገኘሁን ልየው። ያ ልጅ እዚያ ብቻውን አያልቅስ።»

ይሄይስ ተነሣ። ለሰንበት አስር ደቂቃ ቀርቷል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበረከከ፤ ገመዱን ያዘና አልንቀሳቀስ እስኪል ድረስ ወደ ውስጥ ገፋው። አሁን ወደ ኋላው አልዞረም። ቴሌቪዥኑ በራ፤ የአያ እንግዳ ስም ያችን ትንሽ ፎቶግራፍ ይዞ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። አረንጓዴዋ ነጥብ ጠፍታለች፤ የኢንተርኔት ቤቱ ተዘግቷል።

«እዚያ ላይ እሱ አለ?» አሉ እማማ።

«ፎቶው አለ እማማ። ትንሽ ናት።»

«አይታየኝም።»

ይሄይስ ፎቶግራፏን ነካ፤ ከፈታት፤ አሳደጋት፤ ደግሞ አሳደጋት። የአያ እንግዳ ፊት ነጭ ቆቡን ይዞ ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። እማማ ከወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እርምጃ ቀረቡ። ከኩሽና የምስራች፣ ከመኝታ ቤት ሺሬል ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እማማ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው፣ ዳር ዳሩን እየለቀሙ፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጢሙን አዩት።

እጃቸውን ወደ አፋቸው አደረሱ።

«በላህ?» አሉት።

 ከዚያ ወደ ይሄይስ ዞሩና «አሁን አጥፋው» አሉ፤ «ሰንበት ልትገባ ነው።»